ተመልካች የሌለበት ጉባኤ

ከአዳማ ተነሥቶ ወደ መተሐራ የሚጓዝ ሰው 25 ኪሎ ሜትር ያህል እንደ ሄደ ወለንጪቲን ያገኛል። ብዙውን ጊዜ ግን አይቆይባትም። ከጅቡቲ ጭነት ይዘው የሚመጡት ተሳቢዎች ዋናውን ጎዳና ሌትና ቀን ያንቀጠቅጡታል፤ ሾፌሩ ሻይ ጠጥቶ፣ ረዳቱ ጎማውን በብረት እየመታ ድምፁን አዳምጦ ጉዟቸውን ይቀጥላሉ። አላፊ አግዳሚው ከተማዪቱን የሚያውቃት በመንገዷ ነውና፣ ወጣቷ በቤቱ ተቀምጦ ምን እንደሚያይ፣ በደብተሩ ጀርባ ምን እንደሚስል፣ ስለ ማን እንደሚያለቅስ የሚጠይቅ እምብዛም አይገኝም።

የሚያየውን ለማወቅ የሚሻ ሰው ከአስፋልቱ ዳር ወዳሉት ትናንሽ ሱቆች ጎራ ይበል። ሞባይል ይጠግናሉ፤ በዚያውም በፍላሽና በሜሞሪ ካርድ ፊልም ይጭናሉ። ከህንዱ፣ ከቱርኩና ከኮሪያው ፊልም ጎን አኒሜ የሚባለው የጃፓን የሥዕል ፊልም ተደርድሮ ይገኛል። ከዛሬ 15 እና 20 ዓመት በፊት ልጆች የነበሩት ይህንኑ ዓይነት ፊልም ያገኙት በዲሽ በሚገቡት የዓረብኛ ጣቢያዎች ነበር። ዮኢቺ ታካሃሺ የፈጠረው የእግር ኳስ ጀግና ፁባሳ በዓረብኛ «ካፒቴን ማጂድ» ተብሎ ሲሮጥ፣ ቋንቋውን የማይሰማው ሕፃን ኳሷን ብቻ ተከትሎ ታሪኩን ይረዳ ነበር። የዛሬዎቹ ደግሞ የማሳሺ ኪሺሞቶን «ናሩቶ»ና የኤይቺሮ ኦዳን «ዋን ፒስ» ከሥር የሚያልፈውን የእንግሊዝኛ ጽሑፍ እያነበቡ ይከታተላሉ። ተማሪው ያላስተማረውን ቃል ከየት እንዳመጣው ግራ የገባው የእንግሊዝኛ መምህር ቢኖር ምንጩን እዚህ ይፈልግ።

ስለ እነዚህ ፊልሞች በትምህርት ቤትም ሆነ በስብሰባ አዳራሽ የሚሰማው ፍርድ አጭር ነው፤ የባህል ወረራ ይባላል። ፍርዱ ፈጽሞ ከእውነት የራቀ አይደለም። የወለንጪቲ ልጅ የኒንጃውን መንደር ካርታ በቃሉ እያወቀ የቦሰትን ተራራ ታሪክ ባለማወቁ የሚያዝን ሰው ተገቢ ኀዘን አዝኗል። ነገር ግን ይህ ፍርድ ያየው ፊልሙን ብቻ ነው። ፊልሙን የሚወዱት ሰዎች በአንድ ቦታ ሲሰበሰቡ ምን እንደሚያደርጉ አላየም። በመላው ዓለም ባለፉት 50 ዓመታት የተስፋፋው የአኒሜ ወዳጆች ጉባኤ ከፊልሙ ይልቅ ሊመረመር የሚገባው ነገር ነው፤ የጉባኤው ጠባይ ከፊልሙ ጠባይ ይለያልና።

አስቀድሞ ስለ ሥዕሉ ጥቂት መባል አለበት። የጃፓን የቴሌቪዥን ሥዕል ፊልም በጥጋብ አልተወለደም። ኦሳሙ ቴዙካ አቶም የተባለውን ከብረት የተሠራ ልጅ እ.ኤ.አ. በጥር 1 ቀን 1963 ለቴሌቪዥን ሲያቀርብ በየሳምንቱ ግማሽ ሰዓት የሚሞላ ፊልም ማድረስ ነበረበት፤ ገንዘብም ጊዜም አልነበረውም። ፊልም በሴኮንድ 24 ምስል ይፈልጋል። ቴዙካና ባልደረቦቹ አንዱን ሥዕል ሦስት ጊዜ እያነሡ በሴኮንድ 8 ሥዕል፣ አንዳንዴም ከዚያ ባነሰ፣ ይጨርሱ ጀመር። አፍ ብቻ ይንቀሳቀሳል፤ ፊት ጸጥ ይላል፤ በቆመ ሥዕል ላይ ካሜራው ይሄዳል። ችግር ያመጣው ዘዴ ውሎ አድሮ የአገሩ የውበት ሥልት ሆነ። መጋረጃ ማሠሪያ አጥቶ በአንድ ወንበር ቤተ መንግሥት ያቆመ የቴያትር አዘጋጅ ሁሉ ይህን ያለ አስረጂ ይረዳዋል።

የኢትዮጵያ ሰው ዓይኑን ወደ ጃፓን ሲያነሣ ይህ የመጀመሪያው አይደለም። ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ እ.ኤ.አ. በ1931 ወደዚያች አገር ተልከው ያዩትን «ማኅደረ ብርሃን ሀገረ ጃፓን» ብለው በ1924 ዓ.ም. አሳትመዋል። ያን ጊዜ ከጃፓን ይፈለግ የነበረው የሥልጣኔ ምስጢር ነበር፤ ፋብሪካው፣ የጦር ኀይሉና ትምህርት ቤቱ። ከዚህ በታች የሚነገረው ነገር ግን በአንድ አዳራሽ ኪራይ የተጀመረ ነው።

እ.ኤ.አ. በጥቅምት 1974 «ያማቶ» የተባለ ስለ ጠፈር መርከብ የሚተርክ ተከታታይ ፊልም በጃፓን ቴሌቪዥን ተጀመረ። ተመልካቹ ጥቂት ስለ ነበር ሊታዩ የታሰቡት 39 ክፍሎች ወደ 26 ተቆርጠው በሚቀጥለው መጋቢት አበቃ። እንደ ወትሮው ቢሆን ኖሮ ነገሩ በዚሁ ይረሳ ነበር። ነገር ግን በየከተማው የነበሩት ወዳጆቹ ማኅበር አቋቋሙ፤ በእጅ የተጻፈ ጋዜጣ አባዙ፤ ዘፈኑ እንዲሰማ ለራዲዮ ጣቢያዎች ደብዳቤ ጻፉ። እ.ኤ.አ. በነሐሴ 1977 ታሪኩ ለሲኒማ ሲቀርብ ወጣቶች ከዋዜማው ጀምረው በሲኒማ ቤቶች ደጃፍ ተሰልፈው አደሩ። ባለ ጣቢያው የቀበረውን ሥራ ተመልካቹ ቆፍሮ አወጣው ማለት ነው። ከዚያን ቀን ወዲህ በጃፓን ወዳጅ የሚለው ቃል ተቀምጦ የሚያይ ሰው ማለት መሆኑ ቀረ።

በዚያው ዘመን ሌላ ነገር ሆነ፤ ይህኛው የበለጠ ሊነገር የሚገባው ነው። ማንጋ ለሚባለው የሥዕል ታሪክ መጽሐፍ ወዳጆች በቶኪዮ የሚዘጋጅ ጉባኤ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1975 የአዘጋጆቹን አሠራር የነቀፈች አንዲት ሴት እንዳትሳተፍ ተከለከለች። ሜይኪዩ የተባለ የሐያስያን ቡድን አባላት የሆኑ ወጣቶች በዚህ ተቆጡ፤ ከእነርሱም መካከል ያን ጊዜ 22 ዓመት የሆነው ዮሺሂሮ ዮኔዛዋ ይገኝ ነበር። አቤቱታ ጽፈው ቢቀመጡ ኖሮ ማንም አይፈርድባቸውም፤ እነርሱ ግን የራሳቸውን ጉባኤ አዘጋጁ። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 21 ቀን 1975 በቶኪዮ የእሳት አደጋ ተከላካዮች ሕንጻ ውስጥ አንድ የስብሰባ ክፍል ተከራዩ። የኢትዮጵያ ተማሪዎች በእድገት በኅብረት ዘመቻ በየገጠሩ በነበሩበት ወቅት መሆኑ ነው። 32 ቡድኖች የገዛ እጃቸውን ሥራ ይዘው መጡ፤ 700 ያህል ሰውም ተሰበሰበ፤ አብዛኞቹ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ልጃገረዶች ነበሩ። ስሙን ኮሚክ ማርኬት አሉት፤ በአጭሩ ኮሚኬት ይባላል።

የኮሚኬት ሕግ አንድ ልዩ ነገር አለው። በዚያ ጉባኤ «ደንበኛ» የሚባል ሰው የለም። መጽሐፉን ሥሎ ጠርዞ ያመጣው ተሳታፊ ይባላል፤ ገዝቶ የሚሄደውም ተሳታፊ ይባላል፤ ጠረጴዛ ተሸክሞ ሰልፍ የሚያስከብረው በጎ ፈቃደኛም እንዲሁ። ገዥው ለሻጩ እንግዳ አይደለም፤ በሚቀጥለው ጊዜ ራሱ ከጠረጴዛው ወዲያ ማዶ ሊቀመጥ ይችላል። ከሴቲቱ መከልከል የተወለደ ጉባኤ ስለሆነ በር መዝጋትን እንደ ነውር ይቆጥራል።

ይህ ሕግ ለኢትዮጵያዊ ጆሮ እንግዳ መሆን አልነበረበትም። ለቡሄ ሆያ ሆዬ የሚሉት ልጆች በደጃፍ ሲቆሙ ባለ ቤቱ ተመልካች ሆኖ አይቀርም፤ ሙልሙሉን ይዞ ይወጣል፤ ስሙ በግጥሙ ውስጥ ይገባል፤ እርሱም በልጅነቱ ያንኑ ዱላ ይዞ መሬት ደብድቧል። በሠርግ ቤት እጁን አጣጥፎ የሚቀመጥ ሰው ታሟል ወይም ተቀይሟል ይባላል። ቢሾፍቱ ሆራ አርሰዲ ለኢሬቻ የሚወርደው ሕዝብም እርጥብ ሣርና አበባ በእጁ ይዞ ነው፤ ኢሬቻ የምስጋና በዓል ነውና ከመዝናኛ ጉባኤ ጋር ሊነጻጸር አይገባም፤ ሊነሣ የተፈለገው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ባዶ እጁን ለማየት ብቻ የሚሄድ የለም። በአንጻሩ ዘመናዊው መድረክ፣ ከነወንበር ረድፉና ከነመጋረጃው፣ ሕዝቡን ለሁለት ከፍሎ አንዱን ወገን ዝም አሰኝቷል። የአገራችን ቴያትር ጸሐፊዎች ለዓመታት ተመልካቹ ለምን እንደማይነቃ ሲያማርሩ ኖረዋል። የወንበሩን አቀማመጥ የጠየቀ ግን ጥቂት ነው።

ከጉባኤው ልማድ ሁሉ ዓይን የሚስበው አለባበሱ ነው። ሰዎች የሚወዱትን ገጸ ባሕርይ መስለው ይመጣሉ፤ ኮስፕሌይ ይሉታል። ቃሉን እ.ኤ.አ. በ1983 ኖቡዩኪ ታካሃሺ የተባለ ጃፓናዊ በመጽሔት ላይ አወጣው፤ ድርጊቱ ግን ከቃሉ ይቀድማል። እ.ኤ.አ. በሐምሌ 1939 በኒው ዮርክ በተደረገው የመጀመሪያው የዓለም የሳይንስ ልብ ወለድ ጉባኤ ላይ ፎረስት አከርማን የወደፊቱ ዘመን ሰው መስሎ ካባ ደርቦ ብቅ አለ፤ ከእርሱም ጋር ሚርትል ዳግላስ ነበረች። ሁለቱንም ልብሶች የሰፋችው እርስዋ ናት። የጉባኤው ታሪክ ለረጅም ጊዜ ሲያወራ የኖረው ግን ስለ ለባሹ ነው።

በወለንጪቲ ከዋናው ጎዳና ዳር በረንዳ ላይ የሚሠሩ አንድ ሽማግሌ ልብስ ሰፊ አሉ። አንድ ቀን የ11ኛ ክፍል ተማሪ የሆነች ልጅ ከአዳማ ሰልባጅ ተራ የገዛችውን ጥቁር መጋረጃና በሞባይልዋ ላይ ያለ ሥዕል ይዛ መጣች።

«አባባ፣ ካባ እንዲህ አድርገው ይሰፉልኛል?»

ሽማግሌው መነጽራቸውን ወደ ግንባራቸው ከፍ አድርገው ሥዕሉን ተመለከቱ።

«የምን በዓል ነው ልጄ?»

«በዓል አይደለም አባባ።»

«እንግዲያው ቴያትር ልትሠሩ ነዋ።»

«እሱም አይደለም።»

«ታዲያ ለብሰሽው የት ልትሄጂ ነው?»

ልጅቱ ዝም አለች። የምትሄድበት አልነበራትም። ቶኪዮ ወይም ሎስ አንጀለስ ብትሆን ቀኑም አዳራሹም ተለይቶ ይታወቃል፤ ወለንጪቲ ላይ ያለው ቤትዋና ትምህርት ቤትዋ ነው፤ በሁለቱም ያንን ካባ ለብሳ ብትታይ መሳቂያ ትሆናለች። ሽማግሌው መልስ አልጠበቁም። በወጣትነታቸው ለቀበሌ የኪነት ቡድን ልብስ ሰፍተው ነበርና ጨርቁን በመዳፋቸው እያሹ፣ «ይህ ሳስቷል፤ ካባ ያለ ገበር አይወርድም» አሉና ከመደርደሪያቸው ቀይ ቁራጭ አወጡ። ሲለኩም ጀግናዪቱ ማን እንደ ሆነች፣ ማንን እንደምትዋጋ፣ እናትና አባት እንዳላት ጠየቁ። ልጅቱ ተረከች። መንገድ ላይ የቆሙ ሁለት ሕፃናትና አንዲት ሽንኩርት ሻጭም ሰሙ። ታሪኩ ሲያልቅ ሽንኩርት ሻጭዋ በመጨረሻው ተናዳ «እንዲህማ አትቀርም!» ብላ የራስዋን ፍጻሜ ነገረቻቸው።

በዚያ በረንዳ ላይ የሆነው ነገር ባለ ብዙ ሺህ ሰው ጉባኤ ከሚያደርገው በምን እንደሚለይ ለመናገር ያስቸግራል፤ በስፋት ካልሆነ በቀር።

ስለ እነዚህ ጉባኤዎች በውዳሴ ብቻ የሚያወራ ሰው ግን ግማሹን ይደብቃል። በጃፓን ራስዋ እነዚህ ወጣቶች ለብዙ ጊዜ በክፉ ዓይን ታይተዋል። ኦታኩ የሚለው ስም እ.ኤ.አ. በ1983 በመጽሔት ላይ ሲለጠፍባቸው መዘበቻ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1989 ሕፃናትን የገደለ አንድ ሰው ሲያዝ በቤቱ ውስጥ በሺህ የሚቈጠር የቪዲዮ ካሴት ተገኘ፤ ጋዜጦችም በአንድ ሰው ወንጀል ትውልዱን በሙሉ ጠረጠሩ። ወላጆች የልጆቻቸውን ክፍል መፈተሽ ጀመሩ። የጉባኤው አዘጋጆች ለአዳራሽ ባለቤቶች፣ ለፖሊስና ለከተማው ሹማምንት ራሳቸውን ማስረዳት ግድ ሆነባቸው። በጠረጴዛዎቹ ላይ ለሕፃን ዓይን የማይገባ ሥራ መኖሩም እውነት ነው፤ አዘጋጆቹ ቦታ ለይተው ይቈጣጠራሉ፤ ክርክሩ ግን እስከ ዛሬ አላለቀም። መምህራን ይህን ቢፈሩ ፍርሃታቸው መሠረት አለው።

ሁለተኛው አደጋ ገንዘብ ነው። 700 ሰው የጀመረው ኮሚኬት እ.ኤ.አ. ከ1996 ጀምሮ ቶኪዮ ቢግ ሳይት በተባለው ግዙፍ ማዕከል ይካሄዳል፤ እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2019 በአራት ቀን 750,000 ያህል ተሳታፊ ተቈጥሯል። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1977 በሎስ አንጀለስ የተቋቋመው አንድ አነስተኛ የወዳጆች ማኅበር ካሴት እየተዋዋሰ ያይ ነበር፤ በፖስታ የሚላላኩት ወዳጆች የባዶውን ካሴትና የቴምብሩን ዋጋ ብቻ ይተሳሰቡ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1990 በዳላስ፣ በ1992 በሳን ሆሴ ጉባኤዎች ተከፈቱ፤ ዛሬ በታላላቆቹ አዳራሾች መግቢያ ላይ የሚቆሙት የፊልምና የአሻንጉሊት ኩባንያዎች ናቸው። የአንገት መታወቂያው ዋጋ የብዙ ቀን ደመወዝ ሆኗል። ደንበኛ የለም የሚለው ሕግ በብዙዎቹ ዘንድ በዝምታ ተሽሯል፤ የጃፓኑ ኮሚኬት ግን እስከ አሁን ሥራውን በ3,000 ያህል በጎ ፈቃደኞች እያካሄደ ሕጉን ይዞ ቆይቷል።

ኢትዮጵያውያን ከዚህ ሁሉ የራቁ አይደሉም። ኦታኮን የተባለው ጉባኤ እ.ኤ.አ. በ1994 በፔንሲልቬንያ ተጀምሮ፣ ለዓመታት በባልቲሞር ከተካሄደ በኋላ እ.ኤ.አ. በ2017 ወደ ዋሽንግተን ዲ.ሲ. ተዛወረ። የሚሰበሰብበት ታላቅ ማዕከል አንደኛው ጎን 9ኛው ጎዳና ላይ ነው። ያንኑ ጎዳና ይዞ ወደ ሰሜን በእግሩ የሚሄድ ሰው ብዙም ሳይደክም የእንጀራና የቡና ሽታ ይቀበለዋል፤ የአማርኛ ሰሌዳ የለጠፉት ምግብ ቤቶች እዚያ ናቸው። በበጋው ቅዳሜ አባትየው ታክሲውን እየነዳ ሰማያዊ ጠጉርና የካርቶን ሰይፍ ያላቸውን ወጣቶች ከሆቴል ወደ ጉባኤው ሲያመላልስ፣ የገዛ ልጁ በዚያው አዳራሽ ውስጥ ሰይፍ ይዞ ቢገኝ የሚያስገርም አይደለም። በአፍሪካም እንዲሁ፤ ሌጎስ ከ2012፣ ጆሃንስበርግ ከ2018 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ የሥዕል ታሪክ ወዳጆችን የሚሰበስቡ ትላልቅ ጉባኤዎች አሏቸው፤ የጃፓኑ ጀግናና አፍሪካዊው ጀግና እዚያ ጎን ለጎን ይቆማሉ።

አፍሪካዊ ጀግና ሲባል የሚጠቀስ አለን። በስራት ደበበ በመሠረተው ዕጣን ኮሚክስ እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመው «ጀምበር» በእንግሊዝኛና በአማርኛ የወጣ የጀግና የሥዕል ታሪክ ነው፤ ባለ ታሪኩ ከዩኒቨርሲቲ ተመርቆ ሥራ የሚፈልግ ወጣት ሲሆን ከሰው በላይ ኀይል ያገኛል። ሥራ ፈላጊነቱን ማንም የኢትዮጵያ አንባቢ ያለ ማብራሪያ ይረዳዋል። ከእርሱም ቀጥሎ «ሀዊ» የተባለች ጀግና መጥታለች፤ ስሟ በኦሮምኛ ምኞት ማለት ስለሆነ ለወለንጪቲ ልጅ ትርጕም አያሻውም። የባህል ወረራን የሚፈራ ሰው ዘበኛ ከማቆም ይልቅ እንዲህ ያለውን ሥራ በትምህርት ቤት ቤተ መጻሕፍት መደርደሪያ ላይ ቢፈልግና ቢያጣ፣ የፍርሃቱን ትክክለኛ ምክንያት ባገኘ ነበር።

አዳማ የስብሰባ ከተማ ናት። የአባ ገዳ አዳራሽ አላት፤ በየሳምንቱ ከየክልሉ የሚመጣ ተሰብሳቢ የሚያድርባቸው ሆቴሎችም ሞልተዋል። የዚህ መጽሔት አንባቢ ምናልባት በአንዱ አዳራሽ ለሁለት ቀን ተቀምጦ፣ ማስታወሻ ይዞ፣ አበል ፈርሞ ተመልሶ ይሆናል። ለ32 ጠረጴዛ የሚሆን አንድ ክፍል በእሑድ ቀን ማስከፈት ለከተማው የባህል ጽሕፈት ቤት ከባድ ጭነት አይሆንም። ወንበሮቹ በረድፍ ባይደረደሩ ይመረጣል።

በወለንጪቲ ከፎቶ ኮፒ ቤቶቹ በአንዱ አራት ተማሪዎች የራሳቸውን የሥዕል ታሪክ አባዝተዋል። ስድስት ወረቀት ለሁለት ታጥፎ 24 ገጽ ይሆናል፤ መሐሉ በስቴፕለር ተመትቷል። ንግግሩ እንደ ተናጋሪው አንዴ በአማርኛ፣ አንዴ በኦሮምኛ ነው። አንዲት ልጅ ከጅቡቲ በሚመጣ ተሳቢ ላይ ተጭና ሌሊት ወለንጪቲ ትወርዳለች፤ ከየት እንደ መጣች አታስታውስም፤ የነካችው ብረት ግን ታሪኩን ይነግራታል። እጆቹ በደንብ አልተሣሉም፤ እጅ መሣል አስቸጋሪ ነው። ተሳቢው ግን እስከ ጎማው ቡሎን ድረስ ትክክል ነው፤ በየቀኑ የሚያዩት ነገር ነውና። 20 ቅጂ አባዝተው በፎቶ ኮፒው ወጪ ብቻ ሸጡት። የመጨረሻው ገጽ ባዶ ነው፤ ከታች በትንሽ ጽሕፈት፣ ቀጥሎ የሚሆነውን አንባቢው ሥሎ እንዲመልስላቸው ተጠይቋል። እስከ አሁን ሦስቱ ተሥለው ተመልሰዋል።